መሸኛ ያላት እሷ፣ መሸኛ የሌላት እሷ

«ለመሆኑ አንቺን ማን አጣራሽ?»

እንዲህ ያለችኝ ሐሙስ ጠዋት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሠፈር ባለው የትየባና የፎቶ ኮፒ ቤታችን ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆማ ነው። ከምዕራብ ዓባያ በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ስሟን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግኩት፤ ወዲያው ወጣ።

«አንቺማ አለሽ» አልኳት። «ተጣርተሽ ገብተሻል። ቅጠልም ተሰጥቶሻል።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ደብዳቤሽ እዚህ ተቀምጧል እኮ። አጣርቼ ያስገባሁሽ እኔው ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው የጠየቀችኝ። እኔን ማንም አላጣራኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናው አላሳልፍ ብሎኝ፣ ቤት መቀመጥ ደግሞ ከፈተናው ብሶብኝ እዚህ ለትየባ ገባሁ። ባለቤቱ ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው ልጅ ነው፤ ለሌላ ሰው ደመወዝ መክፈል ስለማይችል ከትየባው ጋር የማኅበራዊ መገናኛውን አጣሪነት ደረበልኝ። የአርባ ምንጭን ሕዝብ ማንነት እንዳረጋግጥ የተመረጥኩት በአሥር ጣት ስለምጽፍ ነው።

መገናኛውን ያመጣው ራሱ ኢንጂነሩ ነው። ለከተማው ሰው ያስረዳበትን ቀን አልረሳውም። «ያልተማከለ ነው» አለ። አንድ ኩባንያ፣ አንድ አለቃ የለውም። እያንዳንዱ ከተማ ወይም ማኅበር የራሱን ሰርቨር አስቀምጦ የራሱን ደንብ ያወጣል፤ ሰርቨሮቹ ግን እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ እዚህ የተጻፈው እዚያ ይነበባል። ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን፣ መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ የምትሠራ ጥቁር ሣጥን አሳየን። ሰዎቹ ሣጥኗን አዩና ወደየጉዳያቸው ሄዱ።

እስከ መጨረሻው ያዳመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ከሰሜን በዝውውር መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የወረዳውን ደብዳቤ ወደ ዞን፣ የዞኑን ወደ ወረዳ ሲመሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ «ያልተማከለ» የሚለውን ቃል እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የተቀበሉት። «ገባኝ» አሉ፤ «ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ያስፈልገዋል።» ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሆነው የኖሩ የጨንቻ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ «ይሄማ የእኛው አጥቢያ ነው» አሉ። «ጳጳስ የለም። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድራል። አማኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ነው።»

ኢንጂነሩ ደስ ብሎት «በትክክል!» አለ።

ያቺን ቃል ባይላት ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። እሱ ሰውየው ምሳሌ የተናገሩ መስሎታል። እሳቸው ግን ደንብ እያወጡ ነበር።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጡረተኛው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊው ያው ጸሐፊ፣ ኢንጂነሩ አባል፣ እኔ «ያለ ድምፅ ተሳታፊ» ሆንን። ያለ ድምፅ የሚለውን የሰሙ ጓደኞቼ ለሁለት ቀን ሳቁብኝ። ከዚያ ማኅተም ተቀረጸ። በኢንተርኔት ላለ ነገር የጎማ ማኅተም! ከሌላ ሰርቨር ወደ እኛ መዛወር የሚፈልግ ሰው ከነበረበት ሰርቨር ኃላፊ መሸኛ አጽፎ፣ አስፈርሞ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ከመታወቂያው ጋር ይልካል። እኔ ደብዳቤውን አያለሁ፣ «ተቀበል» የሚለውን እጫናለሁ፤ ከስሙ ጎን አረንጓዴ የሽፈራው ቅጠል ትበቅላለች። እዚህ ሀለኮ የምንለውን፣ ከበቆሎ ዱቄት ከምንሠራው ቁርቁፋ ጋር የምንበላውን ቅጠል ነው ኢንጂነሩ የሣለው። ቅጠል ያለው ሰው የታወቀ ሰው ነው። ቅጠል የሌለው ሊጽፍ ይችላል፤ ግን ማንም አያምነውም።

ደብዳቤዎቹን ማንበብ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። «በመካከላችን በነበሩበት ጊዜ በመልካም ጠባይ፣ በትሕትናና በታዛዥነት የኖሩ…» ይላሉ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጨዋ ሰው ይዞት የሚመጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ተመስግኖ የመጣ ሰው በሳምንቱ ግማሹን ጨንቻ በኳስ ጉዳይ ተሳድቦ ጨረሰ። ለጸሐፊው ነገርኳቸው። እሳቸውም ምንም ሳይመስላቸው «አዎ፤ እኛም የሚያስቸግረንን ሰው ስንሸኝ ደብዳቤውን እናስረዝመዋለን» አሉ። «ካጠረ ተቀባዩ ይጠረጥራል። ከጠረጠረ ደግሞ መልሶ ይልከዋል።»

«ታዲያ ደብዳቤው ምን ይጠቅማል?»

«ሥርዓት ነው እንጂ ለጥቅም ነው እንዴ?»

ያንን ተሳዳቢ አገድነው። ማገዳችንን ለማክበር ሰብሳቢው ለስላሳ ጋበዙን። ሰውየው በማግሥቱ ሌላ ሰርቨር ገብቶ እዚያ ሆኖ ይሰድበን ጀመር። ኢንጂነሩ ማንንም ከመገናኛው ጨርሶ ማስወጣት እንደማይቻል ያስረዳን ያኔ ነው። ማገድ ማለት ለካ ፊታችንን ማዞር ኖሯል። እኛ አናየውም፤ የቀረው ዓለም ያየዋል። ለስላሳው ግን ተጠጥቶ ነበር።

ወደ አስተማሪዋ ልመለስ። የሷን ደብዳቤ የተቀበልኩበትን ሰዓት በደንብ አስታውሳለሁ፤ አሳ እየበላሁ ነበር። ቀኝ እጄ ቅባት ስለነበር በግራ አውራ ጣቴ ነው የከፈትኩት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ነው። የመታወቂያ ፎቶ አለ፣ ማኅተም አለ። አንድ ገጽ ተኩል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በአርባ ምንጭ አልነበረም። ግን አሳው እየቀዘቀዘ ነበር። በግራ አውራ ጣቴ ተጫንኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለ ቅጠሏ አስተማሪ ስለ ተማሪዎቿ ወላጆች መጻፍ ጀመረች። የእገሊት እናት ልጇን ሳታጥብ ትልካለች። የእገሌ አባት በጸሎት ሰዓት ዓይኑን የሚጨፍነው ሊተኛ ነው። ስም አትጠራም፤ ግን የልጁን ጫማ ቀለም፣ የአባትየውን ሥራ ትጽፋለችና ምዕራብ ዓባያ ውስጥ ስም መጥራት አያስፈልግም። ስለ አባትየው የጻፈችውን ሳነብ እኔም ስቄያለሁ። ይሄንንም ልጻፈው።

አሁን ሴትየዋ ፊቴ ቆማለች። አትስቅም።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ስማርት ስልክ የገዛች ጊዜ፣ እንደ ሁሉም ሰው፣ ሠፈሯ ያለው ሞባይል ቤት ሄደች። ባለ ሞባይል ቤቱ አካውንት ከፈተላት፤ መታወቂያዋን ፎቶ አነሳ፤ ፓስዎርዱን እሷ እንዳትረሳው ብሎ በራሱ ደብተር ላይ ጻፈው። የሠፈሩ ሰው ፓስዎርድ ሁሉ እዚያ ደብተር ላይ ነው፤ ሰው ሲረሳ እየሄደ ይጠይቀዋል። ይሄ ሰው ቆይቶ የራሱን ሰርቨር ከፈተና ደንበኞቹን በሙሉ ሳይጠይቅ ወደዚያ አስገባ። እሷ ፓስዎርዴን ስጠኝ አለችው። ነገ ነይ አላት። በነገታውም ነገ ነይ አላት።

«በሦስተኛው ቀን ሰው ፊት ሌባ አልኩት» አለች። «ከዚያ ወዲህ እኔ ሆኖ የሚጽፈው እሱ ነው።»

«መሸኛውንስ?»

«የሰርቨሩ ኃላፊ እሱ አይደል? ራሱ ጽፎ ራሱ ፈረመ።»

አንድ ገጽ ተኩል ያመሰገናት ለካ ሰው ፊት ሌባ ስላለችው ነው።

የመጣችበትን ጉዳይ ያን ጊዜ ነገረችኝ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ቦርድ ነገ አርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይሰበሰባል። ጽሑፉን የጻፈችው እሷ አለመሆኗን የሚያስረዳ ነገር ይዛ ካልቀረበች ከሥራ ትሰናበታለች። ቦርዱ ደግሞ የሚያምነው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉን የሰጠነው እኛ ነን።

«የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው» አለች። «‹ይቺ ሴት ያቺ አይደለችም› የሚል።»

ለኮሚቴው ደወልኩ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማራገቢያው ቆሟል፤ ባትሪው ላይ የቀረችው ኃይል ለሣጥኗና ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረች። ሰብሳቢው በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አላወለቁም።

«አመልካቿ መሸኛ አላት?» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አመልካች አይደለችም» አልኩ። «ባለስሟ ናት።»

«መሸኛ አላት ወይ ነው ያልኩት።»

«የላትም። መሸኛው ያለው ሌባው ጋ ነው።»

«ሌባ አትበይ፤ ገና አልተጣራም።» መነጽራቸውን አደረጉና ጠዋት መብራት ሳይጠፋ ከኮምፒውተሩ ያተምኩትን የመታወቂያ ፎቶ፣ አጠገቡ ደግሞ አስተማሪዋ የሰጠቻቸውን መታወቂያ አስቀመጡ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ተመሳሳይ ነው» አሉ።

«ተመሳሳይ አይደለም ጋሼ፤ አንድ ነው! ያኛው የዚህ ፎቶ ነው።»

«ስለዚህ ሁለቱም ወገን እኩል ማስረጃ አቅርቧል። አንደኛዋ በተጨማሪ መሸኛ አላት።»

አስተማሪዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለች።

«እሱን እያየን ነው፣ ልጄ» አሉ ሰብሳቢው፣ በጣም በርኅራኄ።

አሁን ጸሐፊው ገቡበት። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። «እህቴ» አሏት፤ «ከወጣሽበት ቦታ ተቀያይመሽ መጥተሻል። እኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ታርቆ ነው የሚሸኘው። ሂጂ፣ ከሰውየው ጋር ታረቂ፤ ከዚያ መሸኛሽን ጽፎ ይሰጥሻል።»

«እኔ አይደለሁም ብሎ ጽፎ የሚሰጠኝ እሱ ነው?»

«ከታረቃችሁ ምን ይከለክለዋል?»

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ኢንጂነሩ ድመት እንዳየ አይጥ ነው የሚሆነው። «ለምን አካውንቱን ራሱን አንጠይቀውም?» አለ።

ሐሳቡ ሰብሳቢውን ደስ አሰኛቸው፤ ሁለቱንም ወገን መስማት ደንብ ነው። እሳቸው አጻፉኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦ በዚህ ስም የምትጠቀሚው ግለሰብ፣ አንቺ አንቺ ስለመሆንሽ ለኮሚቴው በአስቸኳይ እንድትገልጪ። ላክነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። ሰብሳቢው ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዙኝ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጥያቄያችሁን በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። እኔ እኔ ነኝ። አንዲት ሴት በእኔ ስም በየቢሮው እየዞረች መሆኗን ስለሰማሁ በጥንቃቄ እንድታጣሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እህታችሁ።»

ከውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ።

«አጻጻፏ ሥርዓት አለው» አሉ ሰብሳቢው።

«መንፈሳዊ ናት» አሉ ጸሐፊው።

አስተማሪዋ አሁን ተነሳች። «መንፈሳዊ? ይሄ ሰውዬ በቁሜ ቀብሮኝ እናንተ…» ብላ ጀመረችና የቀረውን በጋሞኛ ጨረሰችው። የተናገረችው ለጽሑፍ አይሆንም። ጸሐፊው ሰምተው አቀረቀሩ። ሰብሳቢው ጋሞኛ ስለማይሰሙ ወደ ጸሐፊው ዞረው «ምን አለች?» አሉ።

«አዝናለች» አሉ ጸሐፊው።

«እዩ እንግዲህ፤ ያችኛዋ በትሕትና ስትጽፍ ይቺኛዋ ትጮሃለች።»

እኔ ያለ ድምፅ ተሳታፊ ነኝ። ግን ድምፄ ወጣ።

«ጋሼ፣ ያችኛዋ መልሱን ስትጽፍ ይቺኛዋ የት ነበረች?»

«እዚሁ።»

«እጇስ?»

«ጉልበቷ ላይ።»

«ስልኳስ?»

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሳቸው የመነጽር ማስቀመጫ አጠገብ ጠፍቶ ተቀምጧል። አዩት። «በአሁኑ ጊዜ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ በሰዓቱ የሚላክ መልእክት አለ ይባላል» አሉ።

«አለ» አለ ኢንጂነሩ፣ ቀስ ብሎ። «ግን ጥያቄውን አስቀድማ አታውቀውም።»

«እንደ ግለሰብ ልትገምት ትችላለህ። እንደ ኮሚቴ መገመት አንችልም።»

በዚህ መሀል ጸሐፊው እንጸልይ አሉ። ጸለይን። እውነት እንዲገለጥ ለመኑ፤ እውነቷ አጠገባቸው ቆማ አሜን አለች። ከጸሎቱ በኋላ ውሳኔ ተሰጠ። ጉዳዩ እስኪጣራ የአካውንቷ ቅጠል ለጊዜው ይነሣል፤ ለሌላው ሰርቨር ኃላፊ ደብዳቤ ተጽፎ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አስተያየቱን እንዲሰጥ ይጠየቃል። ባለ ሞባይል ቤቱ ስለ ባለ ሞባይል ቤቱ አስተያየት ሊሰጥ ነው።

«ቦርዱ ነገ ነው» አለች አስተማሪዋ። ድምፅዋ ወርዷል።

«የቦርዱን ቀን የወሰንነው እኛ አይደለንም፣ ልጄ።»

ቅጠሏን አነሣሁ። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ እንደ አሰጣጡ። ኢንጂነሩ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ያነሣነው ከእኛ ዘንድ ብቻ ነው» አለኝ። «ሌሎች ሰርቨሮች ላይ የተባዛው ከነቅጠሉ ይታያል።»

«እስከ መቼ?»

«እነሱ እስኪያድሱት። ካደሱት።»

ከዚያ ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ ትየባ ጠረጴዛዬ ዞሬ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን አካውንት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሴትየዋን አላየኋትም፤ ያየሁት ወረቀት ነው። ወረቀቱንም በደንብ አላየሁትም። ዛሬ ሴትየዋን በአካል አይቻለሁ፤ ፊታችን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ አካውንቱ መልስ ጽፏል። ስለዚህ የጻፈችው እሷ አይደለችም። ስህተቱ የእኔ ነው። አሥር መስመር አልሞላም። መብራት ስለሌለ ማተሚያው አይሠራም፤ በእጄ ገለበጥኩትና ሰብሳቢው ፊት አስቀመጥኩት።

«ማኅተም።»

እሳቸው አነበቡት። ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩበት። «አጻጻፍሽ ተሻሽሏል» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ማኅተም ያለ ቃለ ጉባኤ አይወጣም። ቃለ ጉባኤው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ነው የሚጸድቀው።»

«ያለ ማኅተም ብወስደውስ?»

«ያለ ማኅተምማ የአንዲት ልጅ ጽሑፍ ነው። ማን መሆንሽን በምን ያውቃሉ?»

ልክ ናቸው። ምዕራብ ዓባያ ላይ እኔን የሚያውቅ ሰው የለም። ወረቀቱን ለአስተማሪዋ ብሰጣት ቦርዱ ራሷ ናት የጻፈችው ይላል።

«እንግዲያው ወረቀቱ ይቅር፤ እኔው እሄዳለሁ» አልኩ። «ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ። የሚጠይቁኝን ይጠይቁኝ።»

«ኮሚቴውን ወክለሽ?»

«ራሴን ወክዬ። አሳ እየበላሁ አስገባኋት እላለሁ።»

«ይሄን አትይም!» አሉ ሰብሳቢው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሱ። «ይሄ እስከ ዛሬ የሠራነውን ሁሉ ያፈርሳል። ከሁለት መቶ በላይ ሰው በዚሁ አሠራር ቅጠል ወስዷል። ሁሉም እንደገና ይጣራልን ቢልስ?»

«ይጣራ።»

«ማን ያጣራዋል?»

ለመውጣት ዞርኩ። ጸሐፊው ሲናደዱ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ «አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ!» አሉኝ። «ሽማግሌ እየተናገረ ይወጣል እንዴ?»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መኪና ያመልጠናል።»

«ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ብታገኚ እንዳይገርምሽ» አሉ ሰብሳቢው።

አስተማሪዋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። ስልኳንና መታወቂያዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ሰጠኋት።

«ነይ፣ እንሂድ» አልኳት።

መናኸሪያ ስንደርስ የምዕራብ ዓባያው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎት ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እናንተ ናችሁ የምትሞሉልኝ፤ ቶሎ በሉ!» አለን። ኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት የማንጎ ጆንያ መሀል ተጠጋግተን ተቀመጥን። በሩ ተዘጋና በጫኖ መንገድ ወጣን።